የወረቀት ልደት

ሁለቱን ተነጋጋሪዎች ለዚህ ጽሑፍ ስል የፈጠርኋቸው ናቸው። የሚነጋገሩበት ሕግ ግን የካሊፎርኒያ ሕግ ነው፤ በአገሬ ሰዎች ዘንድ በሹክሹክታ እንኳ ስለማይወራ በምልልስ ላውጣው ብዬ ነው። ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙም ያልራቀ አንድ ትንሽ የጠበቃ ቢሮ ነው። መሽቷል። ሴትዮዋ ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ቀጠሮ የጠየቁት የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ነው። ጭናቸው ላይ የጫማ ካርቶን ይዘዋል። እሳቸውን እትዬ፣ እሱን ጠበቃው እላለሁ።

እትዬ፦ በሩን ዝጋው ልጄ።

ጠበቃው፦ ተዘግቷል እትዬ። ከእርስዎና ከእኔ በቀር ማንም የለም። ይንገሩኝ።

እትዬ፦ የወንድሜ ጉዳይ ነው። እሱ ለመምጣት አፈረ። እዚያ መዝገብ ላይ ነው ያለው። የእነዚያ ሰዎች መዝገብ። መጥራቱ ራሱ ይከብደኛል።

ጠበቃው፦ እኔ ልጥራውና ይቅለልዎት። የወሲብ ወንጀል ፈጻሚዎች መዝገብ ነው። ዛሬ ደጋግመን ስለምናነሣው አብረን እንልመደው።

እትዬ፦ እሺ። አንድ ሰው 20 ዓመት የሞላው ይወጣል አለኝ። የእኔ ወንድም ከእስር ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል። ታዲያ ለምንድን ነው አሁንም በየዓመቱ ፖሊስ ጣቢያ እየሄደ የሚፈርመው?

ጠበቃው፦ ሰውየው ግማሹን ነው የነገረዎት። ካሊፎርኒያ ይህን መዝገብ የጀመረችው በ1947 ነው፤ ከአሜሪካ ስቴቶች ሁሉ ቀድማ። ከጥቂቶች በቀር አንዴ የገባበት ሰው እስኪሞት ድረስ እዚያው ነበር። ጥፋቱ ቀላልም ይሁን ከባድ፣ አንዴ ያጠፋም ይሁን ደጋግሞ ያጠፋ፣ ሁሉም በአንድ ገመድ ታስሮ ኖረ። በ2017 ግን ኤስ ቢ 384 የሚባለው ሕግ ወጣ፤ ገዥው ጄሪ ብራውን ፈረሙበት። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ መዝገቡ በሦስት ደረጃ ተከፈለ። የመጀመሪያው ደረጃ ቢያንስ 10 ዓመት፣ ሁለተኛው ቢያንስ 20 ዓመት፣ ሦስተኛው ዕድሜ ልክ ነው። ‘ቢያንስ’ የምትለዋን ቃል ይያዙልኝ። ዓመቱ ሲሞላ መዝገቡ በራሱ አይከፈትም። ማንም መጥቶ ‘ጨርሰሃል፣ ሂድ’ አይለውም። አቤቱታ ካላስገባ 30 ዓመትም ቢሆነው ይፈርማል፤ አንድ ጊዜ ቢቀር ደግሞ ይታሰራል።

እትዬ፦ የእሱ ስንተኛው ነው?

ጠበቃው፦ ደረጃውን የሚሰጠው የስቴቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ነው። የደረሰው ደብዳቤ ይኖራል።

እትዬ፦ (ካርቶኑን ከፍተው ያገላብጣሉ) ይኸው። ሁለት ይላል።

ጠበቃው፦ ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነበር?

እትዬ፦ ...አሥራ ሦስት። የጎረቤታችን ልጅ ናት። ቡና ሲጠጣ ስኒ ታቀብለን ነበር።

ጠበቃው፦ ገባኝ። ከእስር የወጣው መቼ ነው?

እትዬ፦ በ2003፣ ማርች ላይ። ሄጄ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ጠበቃው፦ ቆጠራው የሚጀምረው ከእስር ከወጣበት ቀን ነው። ስለዚህ 20 ዓመቱ ማርች 2023 ላይ ይሞላል። በመሐል ሌላ ክስ አለ?

እትዬ፦ አለ። (ዝም ይላሉ) በ2011 ነው። ተከራይቶ የሚኖርበትን ቤት አከራዩ አስለቀቀውና እኔ ጋ መጣ። ሳሎን ሶፋው ላይ አስተኛሁት። አድራሻ ሲቀይር በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ ማስታወቅ ነበረበት። ሊሄድ ጃኬቱን ለብሶ ነበር። እኔ ነኝ በር ላይ የያዝኩት። ‘የእኔን ቤት አታስመዝግብብኝ፣ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል፣ የልጆቼ ጓደኞች እናቶች ያዩታል፣ ሰው ምን ይለናል?’ አልኩት። ሦስት ወር ቆየና ያዙት። ካውንቲ እስር ቤት 4 ወር ተቀመጠ።

ጠበቃው፦ ፍርዱ ሚስዲሚነር ነው፣ ቀላሉ ወንጀል፣ ወይስ ፈለኒ፣ ከባዱ?

እትዬ፦ ፈለኒ።

ጠበቃው፦ እትዬ፣ ይህን በወረቀት ላድርግልዎ፤ በቃል ሲሆን ይጠፋል። (ይጽፋል) ሳይመዘገቡ በመቅረት የመጣ ፍርድ ሚስዲሚነር ከሆነ በ20ው ላይ 1 ዓመት ይጨምራል፤ ፈለኒ ከሆነ 3። ማርች 2023 የነበረው ማርች 2026 ሆነ። የታሰረበት 4 ወርም አይታሰብለትም፤ ጁላይ 2026 ሆነ። አቤቱታ የሚገባው ደግሞ ዘመኑ ከሞላ በኋላ በሚመጣው የልደት ቀን ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። ልደቱ መቼ ነው?

እትዬ፦ የእውነቱ ነው የወረቀቱ?

ጠበቃው፦ የወረቀቱ። ፖሊስ የሚያውቀው እሱን ነው።

እትዬ፦ ጃንዋሪ 1። እናታችን የነገረችን የኅዳር ሚካኤል ማግስት እንደተወለደ ነው። ሱዳን ካምፕ ውስጥ ይህን ሲናገር ጸሐፊው አልገባውም፤ ጃንዋሪ 1 ብሎ ሞላለት።

ጠበቃው፦ የስንቱን ስደተኛ ልደት እንደዚያ ሞልተውታል። እንግዲህ በየዓመቱ የሚመዘገበውም በዚያ ልደት ዙሪያ፣ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ነው። የአቤቱታው ቀን ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ይሆናል። ዕለቱ በዓል ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ሲከፈት እናስገባለን።

እትዬ፦ ሦስቱ ዓመት ከእኔ ሶፋ ላይ ነው የወጣው በለኛ።

ጠበቃው፦ ግዴታው የእሱ ነው፤ መሄድ የነበረበት እሱ ነው። ግን አዎ፣ ከዝምታው ነው የወጣው። በእኛ ሰው ጉዳይ ላይ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። የአገሬው ሰው አድራሻ ሲቀይር ለቤተሰቡ ተናግሮ ይሄዳል። የእኛ ሰው ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያየው ሰው ስላለ ይደበቃል። ሕጉ ደግሞ የተደበቀን ሰው የሚያየው ሌላ ነገር እያሰበ እንደሆነ አድርጎ ነው።

እትዬ፦ ታስሮ ጨርሷል እኮ። ይህ ሁለተኛ ቅጣት አይደለም?

ጠበቃው፦ በ2003 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአላስካ በመጣ ክርክር ላይ ‘ቅጣት አይደለም፣ ሕዝብን ለመጠበቅ የወጣ አስተዳደራዊ ደንብ ነው’ ብሎ ወስኗል። ቅጣት ስላልሆነም ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ባጠፋ ሰው ላይ ይሠራል። በየዓመቱ ጣቢያ እየቀረበ የሚፈርም፣ ቤት የሚከለከል፣ ሥራ የሚያጣ ሰው ቅጣት አልደረሰበትም ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ሆኖም ይህን ክርክር እዚህ አቤቱታ ውስጥ አናስገባውም። ዳኛው የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው።

እትዬ፦ ምንድን ነው የሚጠየቀው?

ጠበቃው፦ አካሄዱን ልንገርዎ። ቅጹ ሲአር 415 ይባላል፤ ከፍርድ ቤቶቹ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። ተሞልቶ፣ ምዝገባው ወቅታዊ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ተያይዞ፣ በሚኖርበት ካውንቲ ሱፒሪየር ኮርት ይገባል። ቅጂው ለሚመዘግበው ፖሊስና ለዐቃቤ ሕጉ ይደርሳል፤ የተፈረደበት በሌላ ካውንቲ ከሆነ ለዚያኛውም ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚች ላይ ነው፤ አንዱን ይረሳና ወረቀቱ ይመለስበታል። ፖሊስ በ60 ቀን ውስጥ ‘ግዴታውን ፈጽሟል’ ወይም ‘አልፈጸመም’ ብሎ ያሳውቃል። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉም 60 ቀን አለው፤ ከፈለገ ችሎት ይቀመጥልኝ ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ካልጠየቀ፣ ፖሊስም ፈጽሟል ካለ፣ ሰውየው እስር ላይ ወይም ፕሮቤሽን ላይ ካልሆነ፣ የተንጠለጠለ ክስም ከሌለበት ዳኛው ይፈርማል። እንደዚህ ያለውን ጉዳይ ሰው በራሱም ሊጨርሰው ይችላል። የሕዝብ ተከላካይ ጠበቆች ቢሮም የሚረዳባቸው ካውንቲዎች አሉ፤ እኔ ጋ ከመክፈልዎ በፊት እዚያ ይጠይቁ።

እትዬ፦ የእሱ እንደዚያ ያልቃል?

ጠበቃው፦ አይመስለኝም። የልጅ ጉዳይ ነው፤ በላዩ ላይ የ2011 ፈለኒ አለ። ዐቃቤ ሕጉ ችሎት ይጠይቃል ብለን እንዘጋጅ። ጠበቃ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። ዳኛው የሚመልሰው ጥያቄ ‘ይቅር ይባል ወይ?’ የሚል አይደለም። ‘ይህ ሰው መዝገቡ ላይ መቆየቱ የሕዝቡን ደኅንነት በጉልህ ይጨምራል ወይ?’ የሚል ነው። የወንጀሉን ዓይነት ያያል፣ የተጎጂዋን ዕድሜና ቁጥር ያያል፣ ትውቂያ ነበራቸው ወይስ ባዕድ ነበረች ይላል። ከዚያ በፊትና በኋላ እንዴት እንደኖረ፣ ስንት ዓመት ሳያጠፋ እንደቆየ፣ ዕውቅና ያለው የሕክምና ፕሮግራም መጨረሱን፣ በባለሙያ መለኪያ ዛሬ ያለበትን የስጋት ደረጃ ያያል። ካልፈቀደ ደግሞ ዳግም የሚጠይቅበትን ጊዜ ይቆርጥለታል፤ ከ1 ዓመት አያንስም፣ ከ5 አይበልጥም።

እትዬ፦ እንግዲያው አንድ ነገር አስቤአለሁ። ሦስት ሽማግሌና የንስሐ አባቱን ልጅቱና እናቷ ዘንድ ልላክ። እግራቸው ላይ ወድቀው ይቅር ብለናል የሚል ደብዳቤ ያጽፉልን። ዳኛው ያንን ሲያይ...

ጠበቃው፦ አይሆንም።

እትዬ፦ በባህላችን እኮ...

ጠበቃው፦ እትዬ፣ አይሆንም። ሌላውን ሁሉ እንነጋገራለን፤ ይህን ግን እግርዎ ሥር ወድቄም ቢሆን አስቀርዎታለሁ። ያቺ ልጅ ዛሬ 40 ዓመት ሊሞላት ነው። ምናልባት ልጆች አሏት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሯ ሲንኳኳ ነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ቆመዋል። የመጡት ለእሷ አይደለም፤ ለእሱ ነው። ‘እምቢ’ ብትል ጨካኝ ተባለች፤ ‘እሺ’ ብትል ያልተሰማትን ፈረመች። በሕግም ቢሆን ተጎጂን ለማግባባት ሰው መላክ ለአቤቱታው መርዝ ነው። ዳኛው ‘ዛሬም አልገባውም’ ብሎ ይዘጋዋል፤ ልክም ነው።

(እዚህ ላይ የእኔን ቃል ላስገባ። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ደም አድርቋል፣ ትዳር መልሷል። ለሕፃን በተደረገ በደል ላይ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ ሥራው መክደን ነው። ሁለት ቤተሰብ ይታረቃል፤ ልጅቱ የት እንደነበረች የሚጠይቅ የለም። ጠበቃው ሌላውን ሁሉ ባያውቅ ኖሮ እንኳ ለዚህ አንድ መልስ ሲባል እሱ ዘንድ መሄድ ተገቢ ነበር።)

እትዬ፦ እናቷን በየጊዜው አያታለሁ። ጥምቀት ላይ፣ ለቅሶ ቤት። እሷ በአንዱ በር ስትገባ እኔ በሌላው እወጣለሁ። አንድም ቀን ‘ልጅሽ እንዴት ናት?’ ብዬ አልጠየቅኋትም።

ጠበቃው፦ ያንን ለራስዎ ይያዙት። የአቤቱታው አካል አይደለም።

እትዬ፦ ታዲያ ማን ይመስክርለት?

ጠበቃው፦ የሚያውቅ ሰው። ከባዱም ይኸው ነው። ቄሱ ጉዳዩን ያውቁታል?

እትዬ፦ ንስሐ አባቱ ያውቃሉ። በንስሐ የሰሙትን ግን አይናገሩም።

ጠበቃው፦ አሠሪው?

እትዬ፦ ያውቃል። ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ ሲቀጥረው ተናግሯል። አርመናዊ ሰውዬ ነው፤ 14 ዓመት አብሮት ነው።

ጠበቃው፦ እሱ ይጽፋል። ‘ጥሩ ሰው ነው፣ ጸሎተኛ ነው፣ ማኅበር አይቀርም’ የሚሉ አሥር ደብዳቤዎች ቢያመጡልኝና ከጸሐፊዎቹ አንዱም የተፈረደበትን የማያውቅ ከሆነ ዋጋ የላቸውም። ዐቃቤ ሕጉ አንዱን ጠርቶ ‘በምን ወንጀል እንደተፈረደበት ያውቃሉ?’ ቢለው ያበቃል። 20 ዓመት ሙሉ የደበቃችሁት ለዚህ ቀን ምስክር አሳጣችሁ።

እትዬ፦ (ካርቶኑን እየነካኩ) እዚህ ውስጥ ደረሰኞቹ አሉ። በየዓመቱ የተመዘገበበት። አንዱንም አልጣለም። የ2011ዱ ብቻ የለም።

ጠበቃው፦ ወርቅ ነው ይህ። ሁሉንም እንገለብጣለን። አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ አቤቱታው ገባ ብሎ ምዝገባውን እንዳያቆም። ዳኛው የፈረመበት ትዕዛዝ እጁ እስኪገባ ድረስ በየጃንዋሪው ይሄዳል። ‘ጉዳዬ ፍርድ ቤት ነው’ ብሎ ቀርቶ እንደ አዲስ የታሰረ ሰው አውቃለሁ።

እትዬ፦ ከወጣ በኋላስ? ንጹሕ ይሆናል?

ጠበቃው፦ ፍርዱ አይፋቅም። በአገራችን የወንጀል ሕግ ‘መሰየም’ የሚባል ሥርዓት አለ፤ የተሰየመ ሰው ፍርዱ እንዳልነበረ ይቆጠርለታል። ይህ እንደዚያ አይደለም፤ የሚቀርለት የመመዝገብ ግዴታው ነው። ስሙም ከስቴቱ ድረ ገጽ ይወርዳል። ወደ ሌላ ስቴት ከሄደ ግን የዚያ ስቴት ሕግ እንደገና ሊያስመዘግበው ይችላል፤ ኔቫዳም ቴክሳስም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። የፌዴራሉም የራሱ ቆጠራ አለው። ስለዚህ ከመዛወሩም ሆነ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይጠይቀኝ።

እትዬ፦ ትኬት ካነሣህ... እናታችን በ2018 ነው ያረፈችው። ከውጭ አገር ጉዞ 21 ቀን በፊት ማስታወቅ አለበት። እናታችን በማግስቱ ተቀበረች። ለቀብር እኔም አልደረስኩ። ‘ለአርባዋ እንሂድ፣ ቀኑ ይበቃል’ አልኩት። ፓስፖርቱን አውጥቶ አሳየኝ። ውስጡ በሕፃን ላይ በተፈጸመ የወሲብ ወንጀል የተፈረደበት ነው የሚል ታትሞበታል። ‘ቦሌ ላይ ያ ወጣት ገልጦ ሲያነበው ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ አበሻ ነው’ አለኝ። ቀረ። አርባዋን ብቻዬን አወጣሁ።

ጠበቃው፦ በ2016 የወጣ ሕግ ነው። ያ ጽሑፍ የሚታተመው የመመዝገብ ግዴታ ባለበት ሰው ፓስፖርት ላይ ነው። ግዴታው በየትኛውም ስቴት ከሌለበት ትዕዛዙን ይዞ ጽሑፉ የሌለበት ፓስፖርት ማመልከት ይችላል።

እትዬ፦ ሙት ዓመት እንኳ ቢደርስላት... አልፏል እሱም። ሌላም አለ። አዲስ አበባ የሚያወራት ሴት አለች። አግብቶ ሊያመጣት ይፈልጋል።

ጠበቃው፦ እዚህ ላይ ተስፋ አልሰጥዎትም። በ2006 የወጣው የአዳም ዋልሽ ሕግ በልጅ ላይ እንዲህ ያለ ወንጀል የተፈረደበት ሰው፣ ዜጋም ቢሆን፣ ለቤተሰቡ ማመልከቻ እንዳያስገባ ይከለክላል። ለሚያመጣት ሰው ምንም ስጋት እንደሌለበት ኢሚግሬሽን ራሱ ካላመነ በቀር አይፈቀድም፤ የሚታየውም ፍርዱ ነው፣ መዝገቡ አይደለም። ሴትየዋስ ታውቃለች?

እትዬ፦ አታውቅም።

ጠበቃው፦ ትወቅ። ከማንም በፊት እሷ ትወቅ። ዜግነት የያዘው ከፍርዱ በፊት ነው አይደል?

እትዬ፦ በ1996።

ጠበቃው፦ ያ አተረፈው። ግሪን ካርድ ብቻ ቢኖረው ኖሮ እዚህ ተቀምጠን የምናወራው ስለ መዝገብ ሳይሆን ስለ መባረር ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው ሲመጣ ማንኛውንም ወረቀት ፍርድ ቤት ከማስገባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ነው የምልከው።

እትዬ፦ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሐቅ መልስልኝ። ይገባዋል?

ጠበቃው፦ እኔ ከመጀመሬ በፊት ራሱን አስቀምጬ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ‘ምን አደረግህ?’ እለዋለሁ። ‘ከሰሱኝ’፣ ‘ልጅቱ ትልቅ ትመስል ነበር’፣ ‘ሰይጣን ነው’ ካለኝ ገና ነው። በራሱ አፍ፣ ያደረገውን በስሙ ጠርቶ፣ ከእሷ በኩል ቆሞ ከነገረኝ አብሬው እቆማለሁ። ሕጉ 20 ዓመት ብሎ በር ሠርቷል፤ በሩን ማንኳኳት መብቱ ነው። ልጅቱን ግን በሩ ሥር ረግጦ እንዲያልፍ አልፈልግም።

እትዬ፦ (ረጅም ዝምታ) ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ጠበቃው፦ ማን እንደሚመሰክርለት ጠይቀውኝ ነበር። ጋራዡ አንድ ነው። ከእስር ከወጣ ጀምሮ ያየው ሌላ ሰው ያስፈልገናል።

እትዬ፦ እኔ እጽፋለሁ። በአማርኛ ከጻፍኩት ታስተረጉምልኛለህ?

ጠበቃው፦ በሚገባ።

እትዬ፦ ምን ብዬ ልጀምር?

ጠበቃው፦ ‘ወንድሜ ያደረገውን አውቃለሁ’ ብለው ይጀምሩ። መጀመሪያ ግን ይጠይቁት።

እትዬ፦ (ስልካቸውን ያወጣሉ) አሁን ከሥራ ይወጣል። እዚህ ድረስ ይምጣና ይውሰደኝ።